ሱሉልታ መንገድ ዳር ያለው ችግኝ ቤት፦ ራነንኩለስ ለመትከል ለምታስቡ

ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ እንጦጦን ተሻግራችሁ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ፣ መንገዱ ለጥ ካለ በኋላ አረንጓዴ መረብ የተዘረጋበት ችግኝ ቤት ታገኛላችሁ። ታፔላ የለውም። ምልክቱ በሩ ላይ የተደረደሩት ጽጌረዳዎችና በጣሳ የተተከለው ጌራኒየም ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ራነንኩለስ የሚባለውን አበባ ደረቅ ኮርም፣ ማለትም የሚተከለውን ስር፣ ከዚህ ቤት ግዙ። በጆንያ የሚሸጡትን አፈር ተዉት። ለበዓል አብቦ በፖት የሚቀርበውን ደግሞ ለጥየቃ ይዛችሁት የምትሄዱ ካልሆነ በስተቀር ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው በዚህ አበባ ተስፋ የቆረጠ ሰው በጣም ስለበዛብኝ ነው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም “ለእኛ አገር አይሆንም” ይለኛል። ይሆናል! ለሱሉልታ፣ ለሆለታ፣ ለሰንዳፋ፣ በእንጦጦ ዙሪያ ላለው ደጋ ሁሉ ከጽጌረዳ ያልተናነሰ ይሆናል። ሰው የሚከስረው ያለ ጊዜው ስለሚተክለው ነው፤ ያለ ጊዜው የሚሸጥለት ነጋዴም ሞልቷል።

እኔ ለዓመታት ሆለታ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ ማሸጊያ ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ ሥራው ጽጌረዳ ነው። ግንዱ በሴንቲ ሜትር ይለካል፣ በርዝመቱ ይለያል፣ ይታሰራል፣ ሳይውል ሳያድር ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል። አንድ አበባ ተቆርጦ ስንት ቀን እንደሚቆም በዓይን መገመት የለመድኩት በዚያ ነው። አሁን ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ ግቢዬ ሰፊ ባይሆንም አጥሩን ተከትዬ መደብ መደብ አድርጌ አበባ እተክላለሁ። ችግኝ ቤት ስገባም ከቀለሙ በፊት ስሩንና ግንዱን ነው የማየው።

ራነንኩለስን ላላያችሁት፦ ቁመቱ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ግን ስስ ስስ ቅጠሎችን በላይ በላዩ ደራርቦ የሚጠቀልል ተክል ነው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ደማቅ ቀይ ይመጣል። ሰማያዊ የለውም፤ ሰማያዊ ራነንኩለስ አለኝ የሚላችሁ ካለ ፎቶው ተነካክቷል ማለት ነው። ዱር በቀሉ ከቀርጤስና ከቆጵሮስ ጀምሮ በቱርክና በሶርያ በኩል እስከ ኢራን ድረስ ይገኛል፤ የዱሩ አበባ ነጠላ ነው፣ ድርብርቡ የሰው የማዳቀል ሥራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ነበሩት። ዛሬ ለተቆራጭ አበባ የሚመረጡት እንደ ኤለጋንስ ያሉት ደግሞ ኢጣሊያ ውስጥ የተዳቀሉ ናቸው። የቅርብ ዘመዱ የሆነች ቢጫ አበባም በእኛው ደጋ በየጅረቱና በየረግረጉ ዳር ማንም ሳይተክላት ትበቅላለች።

ዋናው ነገር ይህ ነው። በትውልድ አገሩ ዝናብና ብርድ አብረው ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ያድጋል፣ ብርዱ ሲያልፍ ያብባል። ሐሩሩ ሲመጣ ምድሩ ይደርቃል፣ ቅጠሉም ደርቆ ስሩ አፈር ውስጥ ይተኛል። በእኛ ግን ዝናቡና ብርዱ ተለያይተው ነው የሚመጡት። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ይወርዳል። ሌሊቱ የሚበርደው፣ ቀኑ ፀሐይ የሚሆነው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስለዚህ እድገቱን ለበጋ፣ እንቅልፉን ለክረምት መስጠት አለብን። በበጋ ውሃውን እኛ እናጠጣዋለን፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ስሩን ከአፈር አውጥተን ቤት ውስጥ እናስተኛዋለን። በዝናብ መሐል የተተከለ ኮርም፣ በተለይ በሱሉልታ ጥቁር አፈር ላይ፣ ይበሰብሳል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ይህን ችግኝ ቤት እንድወደው ያደረገኝም የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ ይህን አሳምረው ማወቃቸው ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ለጽጌረዳ ነበር። በዚያው ጠየቅኳቸው፦

“እትዬ፣ ራነንኩለስ አለዎት?”

“አለ ልጄ። አሁን ግን አልሸጥልሽም።”

“ለምን?”

“ሰማዩን አታይም እንዴ? ይበሰብስብሻል። መስቀል ይለፍና ነይ፣ ያኔ ራሴ መርጬ እሰጥሻለሁ።”

ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ስንት ታውቃላችሁ? በዚያው ሰሞን ከተማ ውስጥ በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ ሌላ ነጋዴ ያንኑ ኮርም “ለክረምት ተከላ የተዘጋጀ” ብሎ ሲለጥፍ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ አያት አካባቢ ካለው ቤቷ ሆና አዘዘች፤ ከዘራችው አንድም አልወጣላትም። ስትደውልለት “አፈርሽ ነው” አላት። አፈሯ ምንም አልነበረውም፤ በሐምሌ መሸጥ ራሱ ነው ጥፋቱ።

ወደ ኮርሙ ልምጣ። እትዬ ኮርሞቹን የሚያስቀምጡት ከቤቱ ኋላ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በሽንኩርት መረብ ሰቅለው ነው። ይህን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። ፌስታል ውስጥ ታስሮ የቆየ ኮርም እርጥበት ይዞ ይሻግታል፤ በመረብ የተሰቀለ ግን አየር ያገኛል። ደረቁ ኮርም እግሩን ሰብስቦ የሞተ ሸረሪት ይመስላል፤ ብዙ ሰው ሲያየው “ይሄ ነው እንዴ 70 ብር?” የሚለው ለዚህ ነው። አናቱ ላይ ፀጉር መሳይ ነገር አለው፤ ቡቃያው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ወደ ታች የተንጠለጠሉት ጣቶቹ ምግብ ያከማቸባቸው ስሮቹ ናቸው።

ስትመርጡ በእጃችሁ አንሱት። ጠንካራና ክብደት ያለው ይሁን። አንድ ሁለት ጣት ቢሰበር ግድ የለም፤ አናቱ ደህና ከሆነ ይበቅላል። አናቱ የተሰነጠቀውን፣ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባውን፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘውን ተዉት። እትዬ መምረጥ አይከለክሉም፣ አይነጫነጩምም። ልጃቸው ሲሆን ግን እፍኝ ሙሉ አንስቶ ሊቆጥርላችሁ ይሞክራል፤ በትሕትና “እኔ ልምረጥ” በሉት።

ዋጋው በዚህ ዓመት መካከለኛው 70 ብር፣ ትልቁ 110 ብር ነበር። ትልቅ ኮርም ብዙ ግንድ ያወጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ለግቢ ግን መካከለኛው ይበቃል ባይ ነኝ። በደንብ ከተያዘ ከአንዱ ከ5 እስከ 10 ግንድ ይቆረጣል፤ በ40 በ40 ብሩ ልዩነት ድምር ተጨማሪ ኮርም ብትገዙ መደቡ ቶሎ ይሞላላችኋል። ለሽያጭ የምትተክሉ ከሆነ ረጅምና ወፍራም ግንድ ስለምትፈልጉ ትልቁን ውሰዱ።

ከዚህ ቤት አገልግሎት ሁሉ የበለጠውን አሁን ልንገራችሁ። አስቀድማችሁ ካዘዛችሁ ኮርሙን ነክረውና አጎንቁለው ይሰጧችኋል፤ ጭማሪው በአንዱ 20 ብር ብቻ ነው። ይህን ራሳችሁ ቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ እኔም አሁን ቤቴ ነው የምሠራው። ግን ለጀማሪ፣ ወይም ቤቱ ሞቃት ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ አቃቂና ገላን በኩል ላላችሁ፣ 20 ብሩ ከሁሉም በላይ የሚያተርፍ ወጪ ነው።

አሠራራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ኮርሙን በባልዲ ለብ ባላለ፣ ባልቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይዘፈዝፉታል። መሐል ላይ ውሃውን ደፍተው አዲስ ይጨምራሉ፤ ኮርሙም አየር ይፈልጋልና። አዳር ውሃ ውስጥ ማቆየት የለም፤ ታፍኖ ይሞታል። ሲወጣ እጥፍ ሆኖ ያብጣል፣ ያ ጥቁር ቡናማ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ጣቶቹ ይወጠራሉ። ከዚያ ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ባለው፣ ጨምቀውት ውሃ በማያንጠባጥብ አፈር ላይ ይደረድሩታል፤ በላዩ ስስ አፈር ያለብሱትና በዚያው ቀዝቃዛ የጭቃ ቤት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ያቆዩታል። በየጊዜው እየገለጡ ያያሉ፤ የላላውንና የሸተተውን ያወጣሉ። ነጫጭ ጥቃቅን ስሮች ከሥሩ ብቅ ሲሉ ዝግጁ ነው። እኔ የተቀበልኳቸው ሁሉም ነጭ ስር ያወጡ ነበሩ፤ አንዲት ላይ እንኳ ሻጋታ አላየሁም። በማሸጊያ ክፍል ዓይኔ ነው ያየኋቸው፣ ጥራቱን መስክሬላቸዋለሁ።

አፈሩን ግን አልመሰክርለትም። “የተዘጋጀ የአበባ አፈር” ተብሎ በጆንያ 350 ብር ይሸጣል። የደን አፈርና ፍግ ነው ይላሉ። ቤቴ ወስጄ ስዘረግፈው ፍጉ ገና ያልበሰለ፣ ሽታው ያልወጣ ነበር፤ ውስጡም የሰርዶ ስር ሞልቶበታል። ያልበሰለ ፍግ ለዚህ አበባ መርዝ ነው፤ ለስላሳውን ስር ያቃጥለዋል፣ ሻጋታም ይጠራበታል። ለእትዬ ነገርኳቸው፤ አልተከራከሩኝም፤ አፈሩን ከሌላ ሰው እንደሚያስመጡትና እንደሚነጋገሩት ነገሩኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስሄድም ያው ነበር። በዚህ ቅር ብሎኛል፣ እሳቸውም ቅር መሰኘቴን ያውቃሉ።

በእሱ ፋንታ ይህን አድርጉ። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ አያሳልፍም። መደቡን ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ካላችሁ አፈር ጋር በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ ቀላቅሉበት። ሬድ አሹ በወንፊት ይነፋ፤ ደቃቁ ይቅር፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያክለው ይግባ። ውሃ ስታፈሱበት ሳይቋጥር ወደ ታች ከገባ ደርሳችኋል። ቀይ አፈር ያላችሁ፣ በቡራዩና በእንጦጦ ተዳፋት ያላችሁት፣ ሥራችሁ ይቀላል፤ ኮምፖስት ብቻ ይበቃችኋል።

ተከላው ቀላል ነው። ጣቶቹ ወደ ታች፣ አናቱ ወደ ላይ፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በመሐላቸው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ከተተከለ በኋላ አንዴ በደንብ ይጠጣ፤ ከዚያ ቅጠሉ እስኪወጣ እጃችሁን ሰብስቡ። ቅጠል ካወጣ ወዲህ ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አጠጡት። ማታ ቅጠሉን ማርጠብ ሻጋታ ይጋብዛል። በጠብታ መስኖ ለማጠጣት ዐቅም ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ቀዳዳ ያላት ሃይላንድ ከየተክሉ አጠገብ መቅበርም ይሠራል።

ብርዱን አትፍሩለት። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚነጋበት ቀን አለ። ድንቹንና ቲማቲሙን ውርጭ ሲያቃጥልብን ራነንኩለስ ቅጠሉ ለጊዜው ይተኛና ፀሐይ ሲወጣ ይነሳል። እንዲያውም የሚወደው ሌሊቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ፣ ቀኑ ከ20 ብዙ ያልዘለለ ሲሆን ነው። የሚጎዳው የተከፈተ አበባና የፈካ እምቡጥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ፀጥ ያለ ማታ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ በእንጨት ላይ አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ሙቀት ግን ጠላቱ ነው። ቀኑ ከ25 ዲግሪ እየዘለለ ሲሄድ አበባው ያንሳል፣ ግንዱ ያጥራል፣ ቅጠሉ መቢጨት ይጀምራል።

ስለ ፍልፈል ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፣ ሻጮቹም አይነግሯችሁም። በእኛ አካባቢ ግቢ ውስጥ የአፈር ክምር ጉብ ጉብ ብሎ ካያችሁ ከሥር ፍልፈል አለ፤ የሚበላውም ስር ነው። ጎረቤቴ ያሉ አባት ያበበ መደባቸው አንድ በአንድ ሲጠወልግ ቆይቶ ሲነቅሉት ከሥሩ ምንም አልነበረም። መደቡን ስትሠሩ ሥሩ ላይ የዶሮ ሽቦ አንጥፉ፤ ጠርዙንም ወደ ላይ እጠፉት። ከዚህ ሌላ ያስቸገረኝ ክሽክሽ ነው። በእምቡጡ አንገት ላይ ተሰብስቦ ይመጣል፤ በሳሙና ውሃ በጣት ማጠብ ይበቃል፣ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

መስከረም መጨረሻ የተተከለ ኮርም ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ገና አልፎ ወደ ጥምቀቱ ሲቃረብ ማበብ ይጀምራል። ግቢ ውስጥ አደዩ ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር አቧራ በሚለብስበት ወቅት ነው የሚመጣው። እኔ ይህን ተክል የምወደውም ስለዚህ ነው። በበጋ ደረቅ ንፋስ መሐል፣ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ሲከመር፣ በአጥሬ ሥር ያ ሁሉ ቀለም አለ። የመንደሩ ልጆች በበሩ ቀዳዳ እያዩ “የወረቀት ነው” “አይደለም” ይከራከራሉ፤ አስገብቼ አስነካቸዋለሁ።

ስለ መቁረጥ ትንሽ ልቆይ፣ ይህ የኔ ሥራ ነበርና። ጽጌረዳ እምቡጥ እያለች ትቆረጣለች። ራነንኩለስ እንደዚያ ከተቆረጠ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል፣ አይከፈትም። ጠዋት ጤዛው ሲነሳ ውጡና እምቡጡን በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫኑት። እንደ ድንጋይ የሚመልስ ከሆነ ተዉት። ቀለሙ በደንብ ወጥቶ፣ ሲጫኑት ለስለስ ብሎ መልሶ ከተነሳ ጊዜው ነው። ከዚህ አንድ ሁለት ቀን ካለፈ ይፈካል፤ ፈክቶ የተቆረጠም ያምራል፣ ግን ብዙ አይቆይም። ግንዱን ከሥር፣ ከቅጠሎቹ መነሻ አካባቢ በስለታም ቢላዋ ቁረጡት። ግንዱ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ በእቅፍ አትጨብጡት፣ በባልዲ ውሃ ይዛችሁ ዙሩ። ቤት ውስጥ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ከቀየራችሁና የግንዱን ጫፍ ቆረጥ ካደረጋችሁለት ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆማል። በቆረጣችሁት መጠን ሌላ ያወጣል፤ የጠወለገውን ግንዱ ላይ አታቆዩበት።

አሁን ስለ ፖቱ። ለገናና ለጥምቀት ሰሞን ችግኝ ቤቱ በር ላይ ያበበ ራነንኩለስ በትናንሽ ፖት ይደረደራል፤ አንዱ 600 ብር። ያምራል፣ አልዋሽም። ለታመመ ሰው ወይም ለአራስ ጥየቃ ይዛችሁ ብትሄዱ ታስደስታላችሁ። ቤት ውስጥ ግን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አይኖርም፤ ሙቀቱና የብርሃን ማነሱ ቶሎ ይጨርሱታል። ደጅ አውጥቼ እተክለዋለሁ ብላችሁም አትግዙት፤ የእድገቱ ዘመን አልቆ ነው የምትቀበሉት። በ600 ብር ስምንት ደረቅ ኮርም መግዛት ይቻላል። እትዬም ስጠይቃቸው ይህንኑ ነው የነገሩኝ፤ “እሱ ለዓይን ነው፣ መትከል ከፈለግሽ ኮርሙን ውሰጂ” ብለውኛል።

ቅር የሚለኝ ሌላው ነገር ቀለም ነው። መረቦቹ ላይ ምልክት የለም። “ይሄ ቀይ ነው፣ ያ ነጭ ነው” ይባላል እንጂ ደረቅ ኮርም ሁሉም አንድ ነው፤ ማንም በዓይን ሊለየው አይችልም። ነጭ ብዬ የገዛሁት ከፊሉ ብርቱካናማ ሆኖ ወጣ። ለግቢ ጌጥ ምንም አይደለም፤ ለሠርግ ብዬ ተክዬ ቢሆን ግን ያስለቅሰኝ ነበር። በየመረቡ ላይ ወረቀት ጽፈው ቢያስሩ ይህ ሁሉ አይመጣም። የዝርያውን ስምም አይነግሩም፤ ከውጭ እንደሚመጣ ብቻ ነው የሚናገሩት። ለአንድ ዓይነት ቀለም የግድ የሚሉ ሰዎች ይህን አውቀው ይግዙ።

ከብት ላላችሁ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ትኩስ ራነንኩለስ መራራ ነው፤ ጭማቂው የከብትና የበግን አፍና ሆድ ያቆስላል፣ ውሻንም ያስመልሰዋል። የተነቀለ ቅጠል አጥር ላይ አትወርውሩ፤ በጎች በየቦታው በሚሰማሩበት ሰፈራችን ይህ ቀልድ አይደለም። ሲደርቅ መርዙ ይጠፋል፤ ስለዚህ በፀሐይ አድርቃችሁ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቅጠሉ ሲቢጭ ውሃውን አቁሙ። ለመንቀል አትቸኩሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉልበት ወደ ስሩ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ቅጠሉ ፈጽሞ ሲደርቅ በእጅ መኮትኮቻ ከጎን አንሱት። አፈሩን አራግፉ፣ ጥላ ሥር ለሁለት ሳምንት ያህል አድርቁ፣ ከዚያ በመረብ ወይም በወረቀት ከረጢት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ስቀሉ። በየዓመቱ ዘለላው ይበዛል፤ ደርቆ ከመጠንከሩ በፊት በእጅ ስትለያዩት ለየብቻ የሚተከሉ ኮርሞች ታገኛላችሁ። የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ከጣለ ግን አትጠብቁት፣ ቅጠሉ በከፊል ቢጫ ሆኖም አውጡት።

እዚህ ላይ ችግኝ ቤቱ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፣ ሌላ ቦታ አላየሁትም። ክረምቱን የሚያስቀምጡበት ደረቅ ቦታ ለሌላቸው ደንበኞች፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩትም ጭምር፣ እትዬ ኮርሙን ተቀብለው በዚያ የጭቃ ቤት ውስጥ እስከ መስከረም ይሰቅሉላችኋል። ክፍያው በመረብ 100 ብር ነው፤ ስማችሁ በእስኪሪብቶ በጨርቅ ላይ ተጽፎ ይታሰራል። የእህቴን አስቀምጠን ስንወስድ የተቆጠረው ሳይጎድል፣ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ነው የተመለሰልን። ለደንበኛ ኮርም ላይ ስም የሚያስሩ ሰው ለሚሸጡት ኮርም የቀለም ስም ማሰር አያቅታቸውም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ዘንድሮ እንደሚያደርጉት ቃል ገብተውልኛል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ የተጎነቆለ የምትፈልጉ ከመስቀል በፊት ሄዳችሁ እዘዙ፣ ቀብድ ይቀበላሉ። ደረቁን ለመግዛት ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጥሩ ነው፤ ከኅዳር በኋላ የሚተርፈው ተለቅሞ የቀረው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገዱም ግቢውም ይጨናነቃል፣ እሑድ ጠዋት እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ልጃቸው ብቻ ነው ያለው። በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ረጋ ብላችሁ ትመርጣላችሁ። በጥሬ ብርም በቴሌብርም ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ የለም። የወረቀት ከረጢት ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚሰጡት ፌስታል ነው።